ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ካቶሊካውያን ስለ ምሕረትና ስለ ምጽዋት የሚያስተምሩት

በፍልሰታ ጾም ሰሞን ነው። የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ እንደ ልማዴ የዘረዘርኩትን ብር ከቦርሳዬ አውጥቼ በበሩ ግራና ቀኝ ለተቀመጡት ነዳያን ማደል ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ካርቶን አንጥፈው የሚቀመጡ አንድ አዛውንት አሉ። የሥጋ ደዌ የእጃቸውን ጣቶች ጎድቶባቸዋል። ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ ከፊታቸው በተዘረጋችው ጨርቅ ላይ ብሩን ጣል አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ልጅቷ እጄን ጎተት አደረገችና፣ «እማማ፣ ለሌሎቹ በእጃቸው ሰጠሻቸው። ለእሳቸው ግን ለምን ከላይ ጣልሽላቸው?» አለችኝ።

«እንዳይቸገሩ ብዬ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስንት ቁስል አጥቤአለሁ። የሥጋ ደዌ እጅ በመጨበጥ እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒቱን በደንብ የወሰደ ሰው በሽታውን ለሌላ እንደማያስተላልፍ፣ የጣቶቹ መጎዳት ከዳነ በኋላም የሚቀር ጠባሳ መሆኑን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። ነጭ ጋውን ለብሼ የነካሁትን እጅ፣ ነጠላ ለብሼ ስሄድ ሸሸሁት። ያን ቀን ቤት ገብቼ ቡና ሲፈላም ልቤ አላረፈም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ የልጅ ጥያቄ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ነገር ግን ከሥራ ዘመኔ ዐሥራ አንዱን ዓመት ያሳለፍኩት የካቶሊክ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ድሃን ስለ መርዳት የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት ከእነሱ ነው። ማንንም ከሃይማኖቱ ላናውጥ አልተነሣሁም። ከጎረቤት ጥሩ ሙያ ያየ ሰው ለቤተሰቡ ቢያወራ ነውር የለውም ብዬ ነው። በነገራችን ላይ፣ የውጭውን ታሪክ ስተርክ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዐሥራ አራቱ የምሕረት ሥራዎች

እኛ ምሕረት ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን ይቅርታ ነው። ምጽዋት ስንል ደግሞ ገንዘብ። በካቶሊክ ትምህርት ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በላቲን ቋንቋ ምሕረትን «ሚዜሪኮርዲያ» ይሉታል፤ ልብን ወደ ተቸገረ ሰው ማድረግ ማለት ነው።

የካቶሊክ ልጆች በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የሚያጠኗቸው ዐሥራ አራት የምሕረት ሥራዎች አሉ። ሰባቱ የሥጋ፣ ሰባቱ የነፍስ ናቸው። የሥጋዎቹ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታረዘን ማልበስ፣ ማደሪያ የሌለውን ማሳደር፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘትና የሞተን መቅበር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰዱ ናቸው። ሰባተኛው የመጣው በስደት አገር ሳለ የተጣሉ የወገኖቹን አስከሬን ይቀብር ከነበረው ከጦቢት ታሪክ ነው። የእድር ልጆች ለሆንን ለእኛ ይህ ሰባተኛው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የነፍስዎቹ ደግሞ ያላወቀን ማስተማር፣ የተጠራጠረን መምከር፣ የተሳሳተን መገሠጽ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ የበደለን ይቅር ማለት፣ አስቸጋሪን ሰው መታገሥ፣ ለሕያዋንም ለሙታንም መጸለይ ናቸው። አስቸጋሪን ሰው መታገሥ የምሕረት ሥራ ሆኖ መቆጠሩን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአማት ጋር አንድ ቤት የኖረች ሴት ይገባታል።

አሁን ዝርዝሩን እንደገና ተመልከቱት። ብዙዎቹ ካልጠጉ የማይሠሩ ናቸው። ከመኪና መስኮት ሆኖ የታመመን መጠየቅ አይቻልም። ይህ ማለት ግን ካቶሊካውያን ምጽዋትን ያቃልላሉ ማለት አይደለም። በ1992 የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ የትምህርት መጽሐፍ፣ ካቴኪዝም የሚሉት፣ ለድሃ መስጠትን የወንድማማችነት ፍቅር ዋነኛ ምስክር ያደርገዋል። አክሎም የፍትሕ ሥራ ነው ይላል። ይህቺ «ፍትሕ» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ነበር። ኑዛዜ ሲሰሙ፣ ምጽዋት እሰጣለሁ ለሚላቸው ሰው፣ ስትሰጥ ዓይኑን ታየዋለህ ወይ፣ እጁን ትነካለህ ወይስ ሳንቲሙን ትጥልለታለህ እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ተናግረዋል። የልጅ ልጄ ይህን ሳትሰማ ነው የጠየቀችኝ።

ስማቸውን የወሰዱት ከአሲሲው ፍራንሲስ ነው። ያ ቅዱስ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ነበር። በ1226 ከመሞቱ በፊት ባስጻፈው ኑዛዜ ላይ፣ በወጣትነቱ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማየት እንደ መራራ ነገር ይከብደው እንደነበር፣ እግዚአብሔር ወደ እነሱ መርቶት ምሕረት ካደረገላቸው በኋላ ግን ያ መራራ ወደ ጣፋጭ እንደተለወጠለት ተናግሯል። የሕይወቱን መዞሪያ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጀመሪያ የነካው ቁስል ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ መጣ።

ቢጫው ካርድ

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ውጪ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነበርኩ። ክሊኒካችን መጠነኛ የካርድ ክፍያ ያስከፍላል። መክፈል የማይችል ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያመጣል። ለሚከፍሉት ነጭ ካርድ፣ ለነፃዎቹ ቢጫ ካርድ አድርገን ነበር። ለሂሳብ እንዲመች ብለን እንጂ ለክፋት አይደለም።

አንድ የገበያ ቀን ግቢው በሕመምተኛ ተጨናንቋል። እኔ ወጣት ነርስ ነኝ፤ ድምፄም ጉልበትም አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ፣ «ቢጫ ካርድ የያዛችሁ በዚህ በኩል!» እያልኩ እጮሃለሁ። ልጅ ያዘለች፣ ቀሚሷ ያረጀ ግን ታጥቦ የጸዳ አንዲት ሴት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ስጮህ ብድግ አለችና ወጣች። ሽንት ቤት የሄደች መስሎኝ ረሳኋት።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በየሳምንቱ በየሰፈሩ እየዞሩ ሕመምተኛ የሚጠይቁት አሮጊቷ መነኩሴ ያን ሕፃን አቅፈው መጡ። ይተነፍሳል ከማለት ያለከልካል ማለት ይሻላል። የጎድን አጥንቱ ሥር እየሰረጎደ ነው። የሳንባ ምች ነበር። ፔኒሲሊን ጀመርንለት፤ አደረ፤ ተረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

እናቱን ለምን እንደሄደች ጠየቅኳት። ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ነበረች። ጤፍ በዱቤ የምትሰጠኝ እሷ ናት። የነፃ ወረቀት እንዳለኝ ካየች ካሁን በኋላ ማን ያምነኛል?»

መድኃኒቱ ነፃ ነበር፤ ሐኪም ነበረ፤ ወረቀቱም በእጇ ነበር። ልጇን ለሞት ያቀረበው የእኔ ጩኸት ነው። ምሕረቱን ሰጥተናት ክብሯን ወሰድንባት።

እኒያ መነኩሴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስገባ ቢጫውን ካርድ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ከምረው መቀስ ይዘው ተቀምጠዋል። «ነይ፣ የክኒን ከረጢት እንሥራ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስንቆርጥና ስናጣብቅ ዋልን። ከዚያ በኋላ የሁሉም ካርድ ነጭ ሆነ። ነፃ የሆነው ጀርባው ላይ እኛ ብቻ የምናውቃት ትንሽ ምልክት ተደረገችበት። ሂሳቡም አልተበላሸ።

አገራችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» የምትለው ለእንግዳ ብቻ አይደለም። ለድሃም ነው። በ2014 መጨረሻ አካባቢ ሮም ውስጥ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። በወቅቱ የቫቲካን የምጽዋት ኃላፊ የነበሩት ካህን አንድ ጎዳና አዳሪ ልደቱ መሆኑን ሲነግራቸው እራት ጋበዙት። ሰውየው እሸታለሁ፣ አያስገቡኝም ብሎ እምቢ አለ። ምግብ ማግኘት እንደሚችል፣ የሚታጠብበት ቦታ ግን እንደሌለው ነገራቸው። በ2015 መጀመሪያ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዓምዶች ሥር ለጎዳና አዳሪዎች የሻወር ክፍሎች ተከፈቱ። ፀጉር የሚቆርጡ በጎ ፈቃደኞችም መጡ። ከሰውየው ጋር ቆመው ባያወሩ ኖሮ ሳንድዊች ሲያድሉ ይኖሩ ነበር።

የበዛው ምግብና የማግስቱ ረኀብ

መነኮሳቱ ለእኛ ለሠራተኞቹ ደጋግመው የሚያወሩልን የአንድ ፈረንሳዊ ካህን ታሪክ አለ። ቪንሰንት ደ ፖል ይባላሉ። በ1581 ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው በ1660 ያረፉ ናቸው።

በ1617 ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ የሰበካ ካህን ነበሩ። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ መውደቁን፣ ውኃ የሚያቀብል እንኳ እንደሌለ ተነገራቸው። በስብከታቸው መካከል ለምእመናኑ ነገሩ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ሊጠይቁ ሲሄዱ መንገዱ በሴቶች ተሞልቷል። ግማሹ ምግብ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ግማሹ አድርሶ ይመለሳል።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ «ሕዝቤ እንዴት ቸር ነው!» ብሎ ደስ ብሎት ያድር ነበር። ቪንሰንት ግን የታያቸው ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ምግብ ዛሬ አይበላም፤ ይበላሻል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሰዎቹ እንደገና ይራባሉ። ቸርነቱ ሞልቷል፤ የጎደለው ሥርዓት ነው። በቀናት ውስጥ ሴቶቹን ሰብስበው በየቀኑ ተራ የሚገቡበት ማኅበር አቋቋሙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለውን ነው የሠሩት።

እኔን እንደ ነርስ የማረከኝ ለማኅበሩ የጻፉት መተዳደሪያ ነው። ምግቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ሕመምተኛውን በፈገግታ ሰላም በሉት ይላል። አልጋው ላይ ገበታ አድርጉ፤ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉ፤ እጁን አስታጥቡት፤ ሥጋውን ቆራርጡለት ይላል። ከሁሉ በላይ የምወዳት ትእዛዝ ግን ይህቺ ናት፦ መጀመሪያ አስታማሚ ወዳለው ሂዱ፤ ብቻውን ያለውን መጨረሻ አድርጉት። ለምን? ከእሱ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ እንድትቆዩ። ይህን የጻፈ ሰው ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ በደንብ የተቀመጠ መሆን አለበት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ክፍል ስዞር ይህቺን ተራ ለመጠበቅ እሞክር ነበር።

በ1633 ደግሞ ከሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር ሆነው የፍቅር ሥራ ልጆች የሚባሉትን እህቶች ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ዘመን መነኩሲት ከገዳም ቅጥር አትወጣም። ቪንሰንት ግን የእነዚህ ገዳም የሕመምተኞች ቤት፣ የሚመላለሱበት ቅጥር የከተማው ጎዳና ይሁን አሉ። በጸሎት ሰዓት ድሃ ቢጠራችሁ ጸሎቱን ትታችሁ ሂዱ፤ እግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር ብሎ መተው ነው ብለውም አስተማሩ። ይህን ሳስብ፣ ሕዝባችን ነርስን ሁሉ «ሲስተር» ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይገባኛል።

የቪንሰንት ታሪክ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ1625 ያቋቋሙት የካህናት ማኅበር አባል የነበሩት ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ በ1839 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥተው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ እንደ አገሩ መነኮሳት ለብሰው ኖረዋል። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይላቸው ነበር። በ1860 አርፈው፣ በ1975 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት የማያውቅ ማን አለ? ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የሚለብሱት እነዚያ እህቶች ከሌሎች መነኮሳት ሦስት መሐላዎች ሌላ አራተኛ መሐላ አላቸው። እሱም ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆኑትን ያለ ዋጋ ማገልገል ነው።

«ቢጠጡበትስ?»

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ የለም። እኔም ጠይቄአለሁ። «ለመጠጥ ነው የሚያደርጉት»፣ «ከእኛ የተሻለ ገንዘብ አላቸው»፣ «ልጁን ተከራይታ ነው የምትለምነው» ስንል እንውላለን። አንዳንዱ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኪሳችንን ለመዝጋት የምንፈልገው ምክንያት ነው።

ፖፕ ፍራንሲስ በ2017፣ በሚላን ከተማ ጎዳና አዳሪዎች እየሸጡ ለሚተዳደሩበት መጽሔት በሰጡት ቃለ ምልልስ ይህ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ለሚለምን መስጠት ሁልጊዜ ትክክል ነው አሉ። የአንድ ብርጭቆ ወይን ነገር ካነሣችሁ፣ አንተስ በድብቅ የምትጽናናበት ምን አለህ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ አሉ። እኛ በቤታችን ቢራችንን እየጠጣን ብርድ ላይ የሚያድረውን ሰው በአንድ መለኪያ አረቄ ስንከስሰው ያስቃል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እኛም ካቶሊካውያንም የምናከብረው ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው ሲሰብክ፣ መጽዋች ወደብ ነው፣ ወደብ ደግሞ መርከቧ የተሰበረችበትን ሁሉ ይቀበላል እንጂ ጠባዩን አይመረምርም የሚል ትምህርት ሰጥቷል። እንደ ነርስ ይገባኛል። ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ሰክረህ ነው የወደቅኸው ብለን አንመልሰውም። መጀመሪያ ደሙን እናቆማለን።

ይህን ስል ግን ዓይን ጨፍኖ መስጠት ነው ማለቴ አይደለም። አሁን ያሉት ፖፕ ሊዮ 14ኛ በጥቅምት 2025 ለድሆች ስለሚገባ ፍቅር ባወጡት መልእክት፣ ለድሃ ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ጥሩ ሥራ እንዲያገኝ ማድረግ መሆኑን ይናገራሉ። ሆኖም ያ እስኪሆን ምጽዋት አይቅር ይላሉ፤ ቢያንስ ቆም ብለን የድሃውን ፊት እንድናይ ያደርገናልና። በእኔ በኩል ለሚለምን ሕፃን ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ዳቦና ወተት ገዝቼ እዚያው ሲበላ ማየትን እመርጣለሁ። ሲበላ ስም ይጠየቃል፤ እናቱም ካለች ታወቃለች።

መጀመሪያ ደመወዟን

ወደዚያች ከባድ ቃል እንመለስ፤ ፍትሕ ወደምትለዋ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ምእመናን አገልግሎት ባወጣው ሰነድ ውስጥ በጣም የምወደው ሐሳብ አለ። አስቀድሞ የፍትሕ ግዴታ ይፈጸም፤ በፍትሕ የሚገባውን ነገር እንደ ምጽዋት አድርጋችሁ አታቅርቡ የሚል ነው። ካቴኪዝሙም ይደግመዋል። ዮሐንስ አፈወርቅም ያለንን ለድሃ አለማካፈል የእሱን ንብረት እንደ መስረቅ ነው ብሎ አስተምሯል።

እስቲ ይህን ወደየቤታችን እናምጣው። ለቤተ ክርስቲያን በር ነዳያን በየሳምንቱ የምትመጸውት፣ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ግን ሁለት ወር የያዘች ሴት አለች። ሠራተኛዋ ስትታመም «ወደ አገርሽ ሂጂ» ብላ የምታሰናብት፣ አሮጌ ቀሚስ ስትሰጣት ግን «ደግ ነኝ» የምትል አለች። የቀን ሠራተኛን ሒሳብ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግን በማኅበሩ ዝክር ነዳያን የሚያበላ አባወራ አለ። ዘሌዋውያን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ለሠራተኛዬ የሚገባትን ወስጄ ለየኔ ቢጤው ብሰጥ፣ የመጸወተችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

ፖፕ ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት ታዋቂ መልእክት፣ ደመወዝ ሠራተኛው በልኩ እንዲኖር የሚያስችል መሆን አለበት ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የካቶሊክ ትምህርት ምሕረትንና ፍትሕን ለይቶ አያውቅም። አንዱ ያለ ሌላው ሲሄድ ያነክሳል።

ለልጆቻችን

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጅ ምሕረትን የሚማረው ከእጃችን ነው። ከዐሥራ አንዱ ዓመትና ከልጅ ልጄ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

መንገድ ላይ የኔ ቢጤ እያሳያችሁ ልጅን «ካላጠናህ እንደዚህ ትሆናለህ» አትበሉት። ሰውየው ይሰማል። ልጁም ድህነት የስንፍና ቅጣት ነው ብሎ ያድጋል። ቃሉን አስቡት፦ የኔ ቢጤ። እኔን የሚመስል ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ያወጡት በከንቱ አይደለም።

ስትሰጡ ዝቅ በሉ። ልጁም ዝቅ ይበል። ብሩን ወይም ዳቦውን በእጁ ይስጥ፤ «እንደምን አደሩ» ይበል። ለታላቅ ሰው አንተ እንዳይል እንደምንቆጣው፣ ለሚለምን ታላቅ ሰውም አንተ ሲል እንቆጣው።

ልብስ ስትሰጡ አጥባችሁ፣ ቁልፉን ሰፍታችሁ፣ ተኩሳችሁ ስጡ። ለመጣል ያሰባችሁትን አትስጡ፤ መጣያ የምናደርገው ሰው የለም።

ከሰፈራችሁ ጠያቂ የሌለው አንድ ሰው ምረጡ። ከልጆቹ ጋር በወር አንድ ጊዜ ጠይቁት። ሌሎቹን ጠይቃችሁ እሱን መጨረሻ አድርጉት፤ እንድትቆዩ።

እና ምጽዋቱን ከመዘርዘራችሁ በፊት፣ ቤታችሁ ውስጥ ደመወዙ ያልተከፈለ ሰው እንዳለ እዩ።

የጥጉ አዛውንት

በማግስቱ እሑድ ከልጅ ልጄ ጋር ወደዚያው በር ሄድን። ከአዛውንቱ ፊት ስንደርስ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ እሷ ደገፈችኝ። ብሩን እሷ ያዘች። ሁለት እጃቸውን አጣምረው ተቀበሏት፤ እሷም እጃቸውን ይዛ ቆየች፤ ልጅ መቸኮል አያውቅም። «ስምሽ ማነው የኔ እናት?» አሏት። ነገረቻቸው። እሳቸውም ስማቸውን ነገሩን።

ዝቅ ስል ነው ያየሁት። ከካርቶኑ ላይ ከተዘረጋው እግራቸው መርገጫ ሥር ጠለቅ ያለ ቁስል አለ። የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ስለሚገድል አያማቸውም፤ ስለማያማቸውም ይሄዱበታል፤ ስለሚሄዱበት አይድንም። እንዲህ ያለ ቁስል ወደ አጥንት ከገባ እግር ያስቆርጣል። ከዚያ በር ስወጣና ስገባ ስንት ዓመቴ ነው? ቆሜ ብር ስጥል አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

በዚያ ሳምንት ወደ ሕክምና ወሰድናቸው። አሁን ቁስሉን ያጥቡላቸዋል፤ ለስላሳ ጫማም ተሠርቶላቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ፋሻውን ለመለወጥ እኔ እሄዳለሁ። የልጅ ልጄ መቀሱን ትይዝልኛለች። ቁስሉ እየጠበበ ነው።

ቸር እንሰንብት።